ጣት ከጠፍሩ ሥር

ጥቅምት 5

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ አለን። ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ ስለ ጤንነታችን እጽፍልዎ ነበር፤ ዛሬ ቃሉን ጀምሬው ከበደኝና ተውኩት።

መጀመሪያ ለጠየቁኝ ልመልስ። ጣሪያው ተደፍኗል፤ ብረት ሠሪው ራሱ ቆርቆሮ ተሸክሞ መጥቶ መታልን። ሥራዬም እንደነበረው ነው። እግራቸው ለተቆለመመ ሕፃናት እሱ ማቃኛውን ብረት ያጥፋል፣ እኔ ከውስጥ የሚገባውን የቆዳ ገበርና የሚታሰርበትን ጠፍር እሰፋለሁ። ዐይኔም ደህና ነው፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ ግን የሰው ዐይን እበደራለሁ።

የልጄን የሚጣን ነገር ወደ መጨረሻ የገፋሁት ስለምፈራው ነው።

ያለፈው ደብዳቤዎ ከሥራ ስገባ በሩ ሥር ጠበቀኝ። የአባታችንን ደንብ ያውቁታል፤ ደብዳቤ ሲመጣ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ከሰላምታው እስከ ፊርማው ጮክ ተብሎ ይነበባል። "ተደብቆ የሚነበብ ደብዳቤ የሌባ ዕቃ ነው" ይሉ ነበር። ቤቴ አንዲት ክፍል፣ ሰዎቹም እኔና ልጄ ብቻ ብንሆንም ደንቡን አላጎደልኩም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላት። አስቀድሜ ብቻዬን ባየሁት ኖሮ። ፊደል የለመድኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነውና አፌ ይቀድማል፣ ልቤ ኋላ ይደርሳል።

ሕመሟ ተግሣጽ ነው ያሉትን አነበብኩላት። አባት የሚመታው የገዛ ልጁን ነው እንጂ የጎረቤቱን አይደለም ያሉትን አነበብኩላት። "ከበትሩ ሥር ጸንታ ትቁም፣ አትሽሽ" ያሉትንም። ድምፄ አማረኝ ጋሼ፤ ለጥቂት ጊዜ እኔም እንደ እርስዎ ሰባኪ የሆንኩ መሰለኝ።

"እማ፣ አትሽሽ የሚለውን ድገሚልኝ" አለች።

ደገምኩላት።

ከማግስቱ ጀምሮ የሳንባዋን መድኃኒት አልወስድም ብላለች። መድኃኒቱ ያቅለሸልሻታል፣ እሱ ግን አይደለም ምክንያቷ። "የተቆጣኝ በምን እንደሆነ እስካውቅ እቆማለሁ፤ መድኃኒት መዋጥ መሸሽ ነው" ትላለች። ነርሷ መጥታ ነገረቻት፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው ይለምደዋል፣ ከለመደው በኋላ ይንቀዋል አለቻት። የቀረውን ለእኔ በር ላይ ነገረችኝ። እሱን አልጽፈውም።

እባክዎ ሌላ ደብዳቤ ይጻፉላት። እርስዎ በቃልዎ ያስተኟትን እርስዎ በቃልዎ ያስነሷት። እኔማ እናቷ ነኝ። የእናት ቃል እንደ ቤት ወንበር ነው፤ ይቀመጡበታል እንጂ ማን ያየዋል?

የባለቤትዎ የእትዬ የሆድ ሕመም እንዴት ሆነ? ሰላም ብለውኛል ብለው ጽፈዋል፣ ስለ ፊደሌ ምን እንዳሉ ግን አልነገሩኝም። አምና "ጽሑፍሽ ለቅሶ የሚሄድ ጉንዳን ይመስላል" ብለው ነበር። ይኸው አተለቅሁት ይበሉልኝ።

ታናሽዎ


ጥቅምት 19

ለእህቴ፣

እንደምን አለሽ? ሚጣስ እንዴት ዋለች? ይህን እየጠየቅሁ መልሱን እንዳትልኪልኝ የምመኝ ይመስለኛል።

በመካከል በላክሻት አጭር ወረቀት፣ "ያንን የጻፉት ስለሚያምኑት ነው ወይስ ሊያጽናኑን?" ብለሽኛል። የማምነውን ነው የጻፍኩት። መድኃኒት ትተው ግን አላልኩም፤ ይህን በማንም ፊት እመሰክራለሁ። አትሽሽ ያልኩት ልቧን ነው እንጂ ሆዷን አይደለም። እንዲህ ብሏል ብለሽ ንገሪያት።

ተግሣጽ አይደለም ብለው ይጻፉላት ያልሽኝን ግን አልችልም። ተግሣጽ ካልሆነ ምንድን ነው፣ እቴ? አንዲት ልጅ እንዲያው ትሳላለች? ሰው እንዲያው በከንቱ ከመካከላችን ይነሣል? የሚመታ እጅ ካለ ቢያንስ እጅ አለ ማለት ነው። ከእኛ ጋር ነገር ያለው አለ። እጁ ከሌለ ደግሞ ያለው ምት ብቻ ነው። ይህን ሐሳብ አታስጀምሪኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ በዚህ ቃል ላይ ቆሜ ነው የምውለው፤ ከእግሬ ሥር ብትስቢው ሌላ መሬት የለኝም።

የጠየቅሽኝን የሱፍ ክር አልላክሁልሽም። የት እንደሚቀመጥ የማውቀው እኔ አይደለሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እትዬሽ ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ስለ ክሩ አይጨነቁ፤ ክረምቱ ወጥቶ የለም?

ያሉኝን ነገርኳት። "ልብሽን ነው እንጂ ሆድሽን አይደለም" አልኳት።

"ይሄ የአንቺ ነው የአጎቴ?"

"የአጎትሽ።"

"እስቲ አንብቢው።"

ማንበብ ጀመርኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብዳቤ እየዘለልኩ አነበብኩ፤ ስለ መድኃኒቱ ያሉትን አንብቤ ቀጥታ ወደ ክሩ ሄድኩ። እሷ ደግሞ ዐይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ቆይታ፣ "ዘለልሽ" አለችኝ። "ከሰላምታው እስከ ፊርማው አይደለም ደንቡ?" ምን ላድርግ? ሁሉንም አነበብኩላት። የሚመታ እጅ ካለ ቢያንስ እጅ አለ የሚለው ላይ ስደርስ ልክ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። አሁን እሱን ይዛ ተኝታለች። በየደብዳቤዎ አንድ አንድ ድንጋይ ነው የሚልኩልኝ ጋሼ፤ ይቅር ይበሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ሳትታመም በፊት ከእኔ ጋር ወደ ሥራ ትመጣ እንደነበር ያውቃሉ። ብረቱን ስንለካ ሕፃናቱን እቅፏ አድርጋ የምትይዝልን እሷ ነበረች። ይህንኑ አንሥታ ያዘችኝ።

"እማ፣ ልጆቹ ሲያለቅሱ ጠፍሩን ታላያለሽ?"

"አላላም።"

"እናቶቻቸውንስ ምን ትያቸዋለሽ?"

"ለእሱው ብለን ነው እላቸዋለሁ።"

"እግሩ ይቃናል?"

"ይቃናል።"

"ታዲያ እኔ ላይ ሲሆን ምን ሆንሽ?"

እንጀራዬ ዞሮ መሰከረብኝ። የማውቀውን አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። ብረት ሠሪው ሥራ ያስጀመረኝ ቀን "ጣትሽን ሳታስገቢ ዘለበት እንዳትነኪ" ነው ያለኝ። ጠፍሩን የምታጠብቀው ሰው የገዛ ጣቷን በጠፍሩና በልጁ ገላ መካከል ታስገባለች፤ ጣቷን ማመም ሲጀምራት ትቆማለች። የግራ እጄ ሌባ ጣት የተጠፈጠፈው በዚህ ነው። እትዬ "ማንኪያዋ" የሚሉኝ በሱ ምክንያት አይደል?

ሚጣ፣ "የእሱስ ጣት አለበት?" አለችኝ።

"ማን?"

"እኔ ላይ የሚያጠብቀው።"

አላውቅም አልኳት። እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ስለዚህ ይጻፉልኝ። ጣቱ አለበት? ካለበትስ እንዴት አይሰማንም?

አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ ላብቃ። እትዬ ሰላም ብላሻለች፣ በቃ? እሳቸው ያለ ንክሻ ሰላም ብለውኝ ያውቃሉ? ወይ ስለ ፊደሌ፣ ወይ ስለ ጣቴ፣ ወይ "ያቺ ዝምተኛ አሁንም አፏ አልተከፈተም?" ይሉኝ ነበር። በእነዚህ ወራት ደብዳቤዎችዎ ውስጥ ሰላም ብለው ብቻ ዝም ይላሉ። ተቀይመውኝ ነው? ባጠፋሁት ይቅር ይበሉኝ፣ ብቻ ይሳደቡ።

ታናሽዎ


ኅዳር 16

ጋሼ፣

ሰላምታ ሳልሰጥ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤ ስጠብቅ ሰነበትኩ፤ አልመጣም።

ፎጣዋ ላይ ደም አየሁ። ትራሱ ሥር ደብቃው ነበር።

መብላት ቀንሳለች። ቀኑን ሙሉ ጥፋቷን ስትፈልግ ነው የምትውለው። ጎረቤታችንን አስጠርታ፣ ሕፃን ሳለሁ የሰበርኩትን ብርጭቆ ድመት ነው ያልኩት ውሸቴን ነበር፣ ይቅር በይኝ አለቻት። ሴትዮዋ ብርጭቆውንም ድመቱንም አታስታውሳቸውም። አቅፋት አለቀሰች። ባለሱቁንም አስጠራችው፤ ከረሜላ ሰርቄህ ነበር አለችው። እሱ ሊያስቃት ብሎ "ልጄ፣ በከረሜላማ እንዲህ ከተቀጣን እኔ በሚዛኔ ምክንያት እስከ ዛሬ አመድ በሆንኩ" አላት። አልሳቀችም። "የእኔ ከዚህ የባሰ መሆን አለበት" አለችኝ እሱ ሲወጣ። "እማ፣ የማላስታውሰው ምን አድርጌያለሁ? አንቺ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። እናት ይህን ተጠይቃ በምን ዐይኗ ልጇን ታያለች?

ጸሎት ቤት ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጄን ልቀቃት፣ በሷ ፈንታ እኔን ውሰድ አልኩ። ወዲያው ደነገጥኩ። እውነት ሰምቶ ቢወስደኝ ማን ያስታምማታል? ቃሌን መለስኩ። ጸሎት ጀምሮ የሰረዘ ሰው አይተው ያውቃሉ? ምን እንደምለምን ጠፍቶኝ ተነሥቼ ወጣሁ።

ዛሬ ሥራ ላይ አንድ ልጅ አምርሮ አለቀሰ፤ እጄ ጠፍሩን አላላለት። ብረት ሠሪው አየኝ። "እንዲህ ከላላ ብረቱ እየዞረ ያቆስለዋል፣ ታውቂ የለም?" አለኝ። አውቃለሁ። መልሼ አጠበቅሁት። ልጁ ፊቴን ቧጨረኝ፤ ይበለኝ አልኩ።

እንግዲህ ይህን ነው የምለምንዎ። ሊጽፉልኝ ያልቻሉት እኔን ተቀይመው ከሆነ፣ ቂሙን ለእኔ ያቆዩልኝና ለእሷ ይጻፉላት። እትዬ ታመው ከሆነም ይንገሩኝ። እኔ ራሴ እመጣ ነበር፤ ልጄን ለማን ትቼ?

እህትዎ


ኅዳር 27

እቴ፣

ይህን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። አባታችን ይቅር ይበሉን። ለሚጣ ማንበቡንና አለማንበቡን ከዚያ በኋላ አንቺ ታውቂያለሽ።

እትዬሽ የለችም። በነሐሴ መጨረሻ አረፈች። የሆድ ሕመም ያልነው ሌላ ነገር ነበር፤ ሐኪሞቹም ሲያውቁት መሽቶ ነበር። የሚጣን መታመም የነገርሽኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ከቀብሯ በኋላ፣ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን ነው። በዚያ ላይ ሞት ልጨምርብሽ አልቻልኩም። ስለ ልጅሽ ብቻ ጻፍኩልሽ። ስጨርስ እጄ እንደ ልማዱ "እትዬሽ ሰላም ብላሻለች" ብሎ ጻፈ። ያደረገው እጄ ነው። ልቀደው ወረቀቱን አነሣሁ፤ ዐይኔ እዚያ መስመር ላይ ቀረ። በዚህ ቤት ውስጥ እሷ ያለችበት ቦታ ያ መስመር ብቻ ነበር። አልቀደድኩትም። ከዚያ ወዲህም መስመሩን መተው መቅበር ሆነብኝ። ንክሻዋን ልጨምርበት ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም፤ የሷን አፍ የሚያውቅ እጅ የለኝም።

ለሚጣ የጻፍኩት ለራሴ ነበር። እትዬሽ የተወሰደችው እኔን ለማረም ነው ካልኩ ሞቷ ምክንያት ይኖረዋል፣ እኔም ከማን ጋር እንደምነጋገር አውቃለሁ። አትሽሽ ያልኩት እኔ ራሴን ነው። የልጅሽን አልጋ መድረክ አደረግሁት። ይቅር በይኝ ብዬ ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ቀደድኩ፤ አንሶ ነው የታየኝ።

ጣቱ አለበት ወይ ብለሻል። የዘገየሁት በሱ ነው። አላውቅም፣ እህቴ። ይህን ሁሉ ዘመን በሰው ፊት ቆሜ ስናገር ኖሬ ይህን ጽፌ አላውቅም። በፈንታው ያየሁትን ልንገርሽ።

ልትሞት ሰሞን አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ተግሣጽ እነግራት ነበር። ማጽናናቴ ነበር። መድኃኒቷና የውሃው ኩባያ በእጄ ነው፤ እያወራሁ ረስቼው ይዤው ቀረሁ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያንን አስተያየቷን ታውቂዋለሽ። "አንተ ሰውዬ" አለችኝ፣ "መጀመሪያ ውሃውን አቀብለኝ። ስብከቱ አይበርድም።" አፍሬ አቀበልኳት። ዋጠች፤ አፏን ጠረገችና፣ "እሺ፣ እየቀጣኝ ነው አልክ? ይቅጣኝ። ልጁን የቀጣ አባት ግን ራት አይከለክልም" ብላ ሳቀች። ሳቁ ሆዷን አሳመማት።

መድኃኒቷን እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አልተወችም። ወስዳም አልዳነችም። ይህንንም አልደብቅሽም፤ ከእንግዲህ የምደብቅበት ጉልበት የለኝም።

ከዚህ ቤት ሰላም የሚልሽ እኔ ብቻ ነኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9

ለውድ ጋሼ፣

ያጽናዎ። የሚያጽናና ቃል ስፈልግ ቆይቼ ያገኘሁት የሰው ሁሉ ቃል ሆነ፤ እሱኑ ይቀበሉኝ። እኔ በየደብዳቤው "እትዬስ?" እያልኩ ስወጋዎ ነበር ለካ።

ደብዳቤዎን የከፈትኩት ሥራ ቦታ፣ ከቆዳው ክምር ኋላ ተቀምጬ ነው። ብረት ሠሪው ድምፄን ሰምቶ መጣ። "ልጅቷ?" አለኝ። አይደለችም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። "የወንድሜ ሚስት።" "ማንኪያ ያሉሽ?" አለ፤ አዎ ስለው መዶሻውን አስቀምጦ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አይተዋወቁም እኮ። ስድባቸውን ብቻ ነው ከእኔ የሰማው።

ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ለታመመ ሰው ሞት አይነገርም። ደግሞ ስዘል ታውቃለች። መድኃኒት ወስደው አልዳኑም የሚለውን ብትሰማስ? ያንን ሰምታ ጨርሳ ብትተወውስ? በር ላይ ቆሜ ሳመነታ ከውስጥ፣ "እማ፣ ምን ያስቆምሻል? ደብዳቤ መጣ?" አለችኝ። እግሬን ታውቀዋለች።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ብቻሽን አንብቢው ካሉት ጀምሬ አነበብኩላት። የለችም የሚለው ላይ ስደርስ፣ "ዘለልሽ?" አለችኝ።

"አልዘለልኩም።"

"ድገሚው።"

ደገምኩት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማቆም ስላልቻልኩ ነው የቀጠልኩት፤ ጀርባዋን እያየሁ አነበብኩ። ስብከቱ አይበርድም የሚለው ላይ ከግድግዳው በኩል ድምፅ ሰማሁ። ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነበር፤ ከሳቁ ሳሉ መጣ፣ ከሳሉ ልቅሶው። ደረቷ ለሦስቱም አልበቃ አለ። ቀና አድርጌ ያዝኳት።

"አልጨረስሽም" አለችኝ።

ወስዳም አልዳነችም የሚለውን ልውጠው ወደድኩ። አነበብኩት። ከዚያ እስከ ፊርማው።

ባለሱቁ መዝጊያውን ሲያወርድ ይሰማኝ ነበር።

"እትዬ ጥፋታቸውን ሲፈልጉ አልነበረም?" አለችኝ።

"እንጃ። የተጻፈው ውሃ መጠየቃቸው ነው።"

"ውሃ አቀብይኝ።"

አቀበልኳት። ጠምቷት ይሆናል ብዬ እጄን ከመድኃኒቱ ሰበሰብኩ። ዝምታዬ አንድ ቀን ከጠቀመኝ ያን ቀን ነው። ኩባያውን ይዛ ውሃውን አየችው። ኋላ በአገጯ ወደ መድኃኒቱ አመለከተችኝ። "እሱንም።"

ሰጠኋት። ጉሮሮዋ ቆስሏል፤ ሲወርድ አሠቃያት። ያንን የተጠፈጠፈ ጣቴን ይዛ እስኪደነዝዝ ጨመቀችው። አመመኝ። ጣቴን አላስለቀቅኋትም።

ጋሼ፣ ዳነች ብዬ አልጻፍኩልዎም። ነርሷ በማግስቱ መጥታ ሁሉንም ሰማች፤ አልተቆጣችም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። አክታዋ ዳግም ይመረመራል። በሽታው መድኃኒቱን ለምዶት ከሆነ ሌላ አለ፤ ከዚህኛው የሚከፋ፣ ብዙ የሚቆይ። እሱም እምቢ ካለ ብላ ጀምራ ሳትጨርስ ቦርሳዋን ዘጋች። ዘግይተን ይሆናል። በቀን በቀን ትውጣለች፣ በቀን በቀን ታስመልሳለች፤ እኔም ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሰው በሩን በነካ ቁጥር ተነሥቼ እቆማለሁ። ተግሣጽ ነው ወይስ አይደለም ብዬ አልጠይቃትም። አንዴ ብቻ ሾርባ ስሰጣት፣ "ይቅጣኝ፣ ራቴን እየበላሁ" አለች። ከጎድጓዳው ግማሹን በላች።

እርስዎ ቤት ማን ምድጃ ያነድዳል? ክሩስ የት እንደሚቀመጥ አገኙት? እኛ ጋ ይምጡ። ክፍሏ አንድ ናት፣ መጋረጃ እንጋርዳለን። ጣቱ የት እንዳለ ባናውቅም ሦስት ሆነን አለማወቁ ይሻላል።

ሚጣ ሰላም ብላዎታለች። እኔ አልጨመርኩበትም፣ አልዘለልኩበትም፤ ያስጻፈችኝ ይህን ነው። "ለአጎቴ እንዲህ በያቸው። ውሃ የሚያቀብላቸው ሰው ከሌለ ይምጡ። ስብከቱን ግን እዚያው ይተዉት፤ አይበርድባቸውም።"

ታናሽዎ